ጠፈርተኞች ዕቃ አቀማመጥን በዋጋ የተማሩባቸው ዓመታት

በቤት ውስጥ ያለ ቦታው የተቀመጠ ዕቃ ቢበዛ ፈላጊውን ያደክማል፤ በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። አሜሪካ በ1960ዎቹ ሰዎችን ወደ ጠፈር ስትልክ ይህን በተደጋጋሚ ተምራለች።

በፈረንጆቹ ማርች 23 ቀን 1965 በጄሚናይ 3 በረራ ጆን ያንግ በኪሱ ደብቆ የወሰደውን ሳንድዊች ለአዛዡ ገስ ግሪሰም ሰጠው። ግሪሰም ቀመስ እንዳደረገው ፍርፋሪው መንሳፈፍ ስለጀመረ መልሶ ኪሱ ከተተው። ክብደት በማይሰማበት ስፍራ ፍርፋሪ መሬት አይወርድም፤ ወደ ዓይን ወይም ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሊገባ ይችላል። ድርጊቱ በአሜሪካ ምክር ቤት ጭምር ጥያቄ አስነስቷል።

ዕቃዎች እንዳይንሳፈፉ ቬልክሮ ሁነኛ መፍትሔ መስሎ ነበር። በአፖሎ 1 ክፍል ውስጥ ከ3 ካሬ ሜትር በላይ ቬልክሮ ተለጥፎ ነበር፤ የወደቁ ዕቃዎችን የሚይዝ የናይለን መረብም ተዘርግቷል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 በምድር ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በንጹሕ ኦክስጅን በተሞላው ክፍል እሳት ተነሣ። ዕቃን እንዲይዙ የታሰቡት ነገሮች ለእሳቱ ማገዶ ሆኑ። ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር በአየሩ ግፊት ምክንያት አልከፈት በማለቱ ግሪሰም፣ ኤድ ዋይት እና ሮጀር ቻፊ ሕይወታቸው አለፈ።

ከአደጋው በኋላ የቬልክሮ አጠቃቀም ተገደበ፤ በናይለን ምትክ ከብርጭቆ ክር የተሠራ፣ እሳት የማይበላው ጨርቅ ገባ። በማስወንጨፊያው ስፍራ የክፍሉ አየር 60 በመቶ ኦክስጅንና 40 በመቶ ናይትሮጅን እንዲሆን ተደረገ። በሩም ወደ ውጭ በፍጥነት እንዲከፈት ሆኖ ተሠራ።

ይሁን እንጂ አደጋው ከእሳት ብቻ የሚመጣ አልነበረም። በጠፈር እንደ ላባ የሚንሳፈፍ ዕቃ ወደ ምድር ሲመለስ ክብደቱ አብሮት ይመለሳል። ኖቬምበር 24 ቀን 1969 አፖሎ 12 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በኃይል ሲያርፍ፣ አንድ ካሜራ ከማቀፊያው ተላቆ የአለን ቢንን ግንባር መታው። ጠፈርተኛው ቁስሉ በ6 ስፌት ተሰፍቶለታል።

የዕቃ ቦታ መንኮራኩሩ ወደ ምድር የሚመለስበትን አቅጣጫም ይወስናል። በኤፕሪል 1970 አፖሎ 13 በደረሰበት ፍንዳታ ጨረቃ ላይ ሳያርፍ ሲመለስ፣ በስሌት የተያዘው የጨረቃ ድንጋይ ክብደት ጎደለ። ጠፈርተኞቹም ክብደቱን ለማመጣጠን ከጨረቃ ማረፊያው ዕቃ እየለቀሙ ወደ መመለሻው ክፍል አጓጓዙ፤ ሦስቱም በሰላም ምድር ደረሱ።