የኮርሳ ቲዩብለስ ጎማ መግጠም፦ ተረቱና እውነታው

ኮርሳ ብስክሌት ላይ ቲዩብለስ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ የሌለው፣ ጎማ ስለመግጠም የሚወራው ወሬ ሁለት ጫፍ የያዘ ነው። አንዱ ወገን «ኮምፕሬሰር የሌለው አይሞክረው፤ ጣት ይልጣል፣ ወለል በማሸጊያ ፈሳሽ ያጨማልቃል» ይላል። ሌላው «ከተለመደው ጎማ በምንም አይለይም፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ብሎ ያደፋፍራል። ሁለቱም የደረሰባቸውን ነው የሚናገሩት። የተለያየ ነገር የገጠማቸው የያዙት ጎማና ቸርኬ ስለተለያየ ነው። አንድ ጎማ በአንዱ ቸርኬ ላይ በአውራ ጣት ብቻ ይገባል፤ ያው ጎማ ሌላ ቸርኬ ላይ ጉልበተኛ ሰው ያደክማል። ስለዚህ «ቲዩብለስ ይከብዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን ጎማ ከየትኛው ቸርኬ ጋር እንዳጣመረ ነው።

«ጉልበት ይጠይቃል» የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ ሰው ያሸሻል፤ ሰፋ አድርጌ የማየውም ለዚህ ነው። በተለመደው የኮርሳ መንኮራኩር የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት የቸርኬ መቀመጫ ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ነው። በቲዩብለስ ጎማ ጠርዝ ውስጥ የሚዞረው ክር፣ አራሚድም ሆነ ካርቦን፣ እንዳይለጠጥ ተደርጎ ይሠራል፤ የውስጥ ጎማ ስለሌለ አየሩን አፍኖ የሚይዘው ጠርዙ መቀመጫው ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጡ ነው። ታዲያ የማይለጠጥ ጠርዝ ከራሱ በሚሰፋው የቸርኬ ግድግዳ ላይ እንዴት ያልፋል? ምስጢሩ በቸርኬው መሃል ዙሪያውን የሚሄደው ቦይ ነው። የቦዩ ወለል ከመቀመጫው 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ፣ የቦዩ ዙሪያ ከመቀመጫው ዙሪያ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ያጥራል። የመጨረሻዋን አስቸጋሪ ስንዝር የሚያሻግራት ይህ ትርፍ ነው። ጣታቸው የተላጠ ሰዎች አብዛኞቹ አቅም አንሷቸው አይደለም፤ ፊት ለፊታቸው ካለው ጠርዝ ጋር ሲታገሉ በወዲያኛው በኩል ያለው ጠርዝ ከቦዩ ወጥቶ መቀመጫው ላይ ተሰቅሎባቸው ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከቫልቩ ትይዩ ነው፤ የሚያልቀው ቫልቩ ጋ ነው። የቫልቩ እግር ቦዩን ስለሚሞላው ጠርዙ እዚያ ቦታ ላይ ዝቅ ማለት አይችልም፤ ከቫልቩ የጀመረ ሰው ትርፉን ገና ሲነሳ ያጣዋል። መጨረሻው ላይ ሲጠብቅ መግፋቱን ትቶ ጎማውን ዙሪያውን በሁለት እጅ እየቆነጠጡ ሁለቱንም ጠርዞች ወደ መሃል መመለስ፣ ጠርዙንም በሳሙና ውሃ ማራስ ይበቃል። ካቻቪቴ ማስገባት ግን ጠርዙንም ፕላስተሩንም ይቀዳል፤ ካስፈለገ የፕላስቲክ ማንሻ አለ።

ስለ ፕላስተሩ ብዙ ሰው አያስብም። የራጂ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነው ይህ ቀጭን ፕላስተር 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ሁለት ዙር ሲጠመጠም ቦዩን በ0.2 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ ትርፍ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይወስዳል። ጎማው አልገባ ካለ ቀጭን ፕላስተር፣ ልል ሆኖ አልነፋ ካለ አንድ ዙር ተጨማሪ፦ መላው ይህን ያህል ቅርብ ነው። «ቲዩብለስ አየር አይዝም» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ የፕላስተር ጉዳይ ነው፤ በአንዲት የራጂ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ከተነሳ አየሩ በቸርኬው ሆድ ውስጥ ያልፋል።

«ያለ ኮምፕሬሰር አይነፋም» የሚለው ከፊሉ እውነት ነው። ጠርዞቹ መቀመጫቸው ላይ እስኪወጡ ድረስ አየር በጎን ያመልጣል፤ ስለዚህ የሚገባው ከሚያመልጠው መፍጠን አለበት። ጎማውና ቸርኬው ከተስማሙ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል ፈትቶ በተራ የእግር ፖምፓ መንፋት ይቻላል፤ ጠርዙ ቦታውን ሲይዝ ጠዋ፣ ጠዋ የሚል ድምፅ ያሰማል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስስ በመሆኑ አንድ ምት የሚያስገባው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፤ ፈጠን ማለት ያስፈልጋል። ጎሚስታ ጋ የሚወስድ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። የኮርሳ ቫልቭ ቀጭን ስለሆነ ለመኪና የተሠራው አፍ አይገጥመውም፤ ትንሽ ማገናኛ ይዞ መሄድ አለበት። የኮርሳ ጎማ ደግሞ የሚይዘው አየር ትንሽ ነው፤ የመኪና ኮምፕሬሰር በቅጽበት ከልኩ ያሳልፈዋል። ኮምፕሬሰሩን የያዘው ሰው ይህ ካልተነገረው አደጋ ነው።

ልኩን ማወቅ የግድ ነው። አሁን ብዙ ቸርኬዎች ጠርዙን የሚይዝ መንጠቆ የላቸውም፤ ለእነዚህ የተቀመጠው ጣሪያ 5 ባር፣ ማለትም ወደ 72.5 ፒኤስአይ ነው። «ጠንከር አድርጎ መንፋት ያፈጥናል» ብሎ በድሮው ልማድ 7 እና 8 ባር የሚሞላ ሰው ጎማውን ከቸርኬው ሊያስወነጭፈው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ዙር ውድድር ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ቶማስ ዴ ጌንት ሲወድቅ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ታይቷል፤ መንጠቆ አልባ ቸርኬ በውድድር ላይ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ክርክርም ከዚያ በኋላ ጋለ። ቸርኬው ላይ የተጻፈውን የግፊት ጣሪያና የጎማ ስፋት ሳያነቡ መንፋት አይገባም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ተረት ግን «ተራ ጎማም ማሸጊያ ፈሳሽ ከተጨመረበት ቲዩብለስ ይሆናል» የሚለው ነው። አይሆንም። የተራው ጎማ ጠርዝ የውስጥ ጎማ ከሆዱ እየገፋ እንዲደግፈው ታስቦ የተሠራ ነው፤ በኮርሳ ግፊት ብቻውን ሲቀር ሊለጠጥና ቁልቁለት ላይ ሊወጣ ይችላል። ቲዩብለስ የሚል ጽሑፍ የሌለበትን ጎማ ርካሽ ነው ብለው አይሞክሩት።

የድሮ ምሬቶች መነሻ አላቸው። ሀቺንሰንና ሺማኖ የተባሉት አምራቾች ቲዩብለስን ወደ ኮርሳ ያመጡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለብዙ ዓመታት የጎማና የቸርኬ አምራቾች አንድ የጋራ ልኬት አልነበራቸውም፤ አንዱ ሲያጠብ ሌላው ያሰፋ ነበር። ልኬቱ እየተቀራረበ የመጣው በኋላ ነው፤ ዛሬም ከአምራቾቹ የተስማሚነት ዝርዝር አይቶ የሚገዛ ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ማሸጊያ ፈሳሹም አንዴ ገብቶ የሚረሳ አይደለም። ለአንድ የኮርሳ ጎማ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፣ በሙቀትና በደረቅ አየር ደግሞ ይፈጥናል።

«መንገድ ላይ ከተበሳ አለቀልህ» የሚሉም አሉ። ትንሽ ቀዳዳ ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል፤ ሰፋ ያለውን በጎማ ክር መድፈን ይቻላል። ይህም ካልሆነ የቲዩብለሱን ቫልቭ ፈትቶ የውስጥ ጎማ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ነው የጎማውና የቸርኬው መስማማት እንደገና የሚፈተነው፤ ስለዚህ ፈሳሽ ከመጨመሩ በፊት ጎማውን ቤት ውስጥ አንዴ ገጥሞ፣ ነፍቶ፣ መልሶ በእጅ ማውጣት እመክራለሁ። ቤት ውስጥ ያልወጣ ጎማ ዝናብ ላይ በቀዘቀዘ ጣት አይወጣም። የውስጥ ጎማው ከመግባቱ በፊት ደግሞ የጎማው ሆድ ዙሪያውን በጨርቅ መጠረግ አለበት፤ ፈሳሹ ሳያሳውቅ ደፍኗቸው የቆዩ እሾሆች እዚያው እንደተሰኩ ስለሚገኙ አዲሱን የውስጥ ጎማ ወዲያው ይበሱታል።