ጦቢያው በባሕር ማዶ

ሰፋፊ ቅጠል ያለውና ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁጥቋጦ ለአዋሽ ሸለቆም ሆነ ለዓረቢያ በረሃ መንገደኛ እንግዳ አይደለም። የእኛው ጦቢያው፣ የዓረቦቹ ዑሸር ነው። በፖርቶ ሪኮና በጃማይካ ደሴቶች ግን ሰው ያስገባው መጤ አረም ሆኗል።

ወተቱ የልብን ምት የሚያውክ መርዝ ስላለው ከብት አይደፍረውም፤ ልቅ ግጦሽ ሌላውን ዕፅዋት ሲያመናምን እርሱ ይንሰራፋል። ፊኛ የመሰለው ፍሬው ሲፈነዳ ዘሩ ሐር በመሰለ ጭራው ነፋስ ላይ ይሳፈራል። ቢቆርጡት ከሥሩ ዳግም ያቆጠቁጣል።

ይሁንና ማጥፋቱም ዋጋ አለው። በፖርቶ ሪኮ የሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ይህንኑ ቅጠል ይመገባል፤ የሚገርመው መርዙን በአካሉ አከማችቶ ከወፎች ይጠበቅበታል። አባጨጓሬው ከዚሁ ወገን ተክሎች ሌላ አይበላም፤ ስለዚህ ጦቢያው በተነቀለበት ስፍራ የደሴቲቱ ነባር ዘመዱ ካልተተከለ ይራባል።