ሕጉ ከታወቀ እግዚአብሔር ምን ይሠራል?



ጉለሌ ዊንጌት አካባቢ በማገለግልበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንድ ረቡዕ ምሽት መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሰን ጥናቱን ቀጠልን። መብራቱ ሲመጣ አንዲት እናት «ተመስገን ጌታዬ!» አሉ። አጠገባቸው የነበረ ኤሌክትሪክ የሚማር ወጣት ግን ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ፓስተር፣ መብራት የሚመጣው በፋራዴይ ሕግ ነው። ሁሉም ነገር በሕግ የሚሠራ ከሆነ ታዲያ እግዚአብሔር ምን ይሠራል?» አለኝ። እኔም «ወንድሜ፣ ብዙ አትመራመር፤ ዝም ብለህ እመን» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት በጥናቱ ላይ አላየሁትም።

መልሴ የስንፍና መልስ እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

1. የእንቅስቃሴ ሕግ

የጥንቱ ፈላስፋ አርስቶትል ሰማይና ምድር የሚተዳደሩት በተለያየ ሕግ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ይህ ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩት በሞላላ ምህዋር መሆኑን አሳወቀ። ጋሊሊዮ ደግሞ ኳሶችን በዘንበላ ላይ እያንከባለለ፣ የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በሥርዓት እየጨመረ እንደሚሄድ ለክቶ አሳየ።

ሁለቱን ያገናኘው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሕጎችን አስቀመጠ። የመጀመሪያው በታክሲ የሚሄድ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሰውነታችን ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያቆመው ካላገኘ ይቀጥላልና። ሁለተኛው ፍጥነትን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ጉልበት እንደ ዕቃው ክብደት ይጨምራል የሚል ነው፤ ባዶ ጋሪና የተጫነ ጋሪ የገፋ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ሦስተኛው ማንኛውም ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለው ይላል። ከሁሉም የሚደንቀው ግን ከእንጦጦ ተዳፋት ድንጋይ ወደ ታች የሚያንከባልለው ስበትና ጨረቃን በምህዋሯ የሚይዘው ስበት አንድ መሆኑን ማሳየቱ ነው።

2. የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕግ

ኤሌክትሪክና ማግኔት ለረጅም ጊዜ የማይገናኙ ነገሮች ይመስሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስተድ፣ ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ በአጠገቡ ያለ የኮምፓስ መርፌ ሲንቀሳቀስ አየ። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ማግኔትን የሚፈጥር ከሆነ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን አይፈጥርም?

ይህን የመለሰው ማይክል ፋራዴይ ነው። የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ መደበኛ ትምህርቱ ጥቂት፣ የሒሳብ ዕውቀቱም አነስተኛ ነበር። በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1831 በሽቦ ጥቅል አጠገብ ማግኔት ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አረጋገጠ። ማግኔቱ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን ምንም የለም።

በዚያው ዓመት የተወለደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የፋራዴይን ግኝት በሒሳብ አስቀመጠው። ከስሌቱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ፍጥነት ሲወጣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ይህ የብርሃን ፍጥነት ነው! እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጽሑፉ ብርሃን ራሱ የዚህ ሞገድ ዓይነት መሆኑን አስረዳ። ከሃያ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኸርትዝ ሞገዱን በቤተ ሙከራ አስገኘው። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሚሠራው በዚሁ ነው።

3. ሁለቱ በአገራችን

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ተመልከቱ። ውሃው በስበት ይወርዳል፣ ተርባይኑን ይገፋል፤ ይህ የኒውተን ሕግ ነው። ተርባይኑ ማግኔቱን በመዳብ ጥቅሎች መካከል ያሽከረክራል፣ ኤሌክትሪክም ይፈጠራል፤ ይህ የፋራዴይ ሕግ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙ በእነዚህ ሕጎች ላይ የቆመ ነው።

አዲስ አበባም የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል በሚቆምበት መስመር አቅራቢያ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ አራት ኪሎ የምድርን ማግኔት የሚለካ ጣቢያ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ካናዳዊው የካቶሊክ ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ።

ታዲያ እግዚአብሔር ምን ይሠራል?

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናስወግድ። ብዙዎቻችን እግዚአብሔርን የምናስቀምጠው ሳይንስ ባልደረሰበት ቦታ ነው። ኒውተንም ይህን ስሕተት ሠርቷል። ፕላኔቶች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ምህዋራቸው ቀስ በቀስ ስለሚዛባ እግዚአብሔር በየጊዜው ማስተካከል አለበት ብሎ አሰበ። በኋላ ፈረንሳዊው ላፕላስ ለብዙው መዛባት ከራሱ ከስበት ሕግ መልስ አገኘለት። እምነታችንን ባላወቅነው ላይ ከሠራን ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ቤታችን ይፈርሳል።

ሁለተኛ፣ የሳይንቲስቶችን ስም እንደ ማስረጃ አንቁጠር። ፋራዴይ የጉባኤ ሽማግሌ ነበር፤ ማክስዌልም በጌታ የታመነ ሰው ነበር። ኒውተን ግን መጽሐፍ ቅዱስን በትጋት ቢያጠናም ትምህርተ ሥላሴን አልተቀበለም። ፀሐይ ለክፉም ለደጉም እንደምትወጣ ሁሉ (ማቴ. 5፥45) የፋራዴይ ሕግም ለአማኙና ለማያምነው እኩል ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ሕግ የአሠራር መግለጫ እንጂ ሠሪ አይደለም። እናታችሁ ሁልጊዜ ማክሰኞና ዓርብ እንጀራ ትጋግራለች እንበል። ቀኑን አውቃችኋል፤ የሊጡን መጠንና ምጣዱ የሚግልበትን ጊዜም ለክታችኋል። ታዲያ «ሥርዓቱን ስላወቅን እናት አያስፈልግም» ትላላችሁን? ሥርዓቱ የሚታወቀው እኮ እርሷ ታማኝ ስለሆነች ነው! ቃሉም የሰማይና የምድር ሥርዓት በእግዚአብሔር እንደ ጸና (ኤር. 33፥25)፣ ሁሉም በክርስቶስ እንደ ተጋጠመ (ቆላ. 1፥17) ያስተምረናል። ማክስዌል በመጀመሪያ በመራው የካምብሪጅ ቤተ ሙከራ በር ላይ መዝሙር 111፥2 በላቲን ተቀርጿል፤ የጌታን ሥራ መመርመር የሚወድዱት ሰዎች ድርሻ ነው የሚል መልእክት አለው። እኔ «አትመራመር» ያልኩት እንግዲህ ቃሉ የሚያበረታታውን ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አትቆጧቸው። የማታውቁ ከሆነ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉ። እኔም ያን ወጣት ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። በሌላ ረቡዕ ጄኔሬተር እንዴት እንደሚሠራ ለጥናቱ አባላት በሰሌዳ ላይ አስረዳን። ያቺ እናትም በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ እንደ ገና «ተመስገን» አሉ። እርሱ መንገዱን ነገረን፤ እርሳቸው ሰጪውን አመሰገኑ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።