በተሳቢ ላይ የምትጓዝ የሸራ ጀልባ

ከአዋሽ ተነሥቶ የአሰቦትንና የሚኤሶን ቆላ የሚያቋርጥ፣ የደብረ ወገግን ተራራ አሻግሮ ተሳልሞም በጠመዝማዛው ዳገት ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ ወደምንላት ከተማ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከፊቱ የጫት መኪና ሲከንፍ፣ ከኋላው ባለተሳቢው ሲያቃስት፣ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብም የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚዎች በየመኪናው ሲዘምሩ ማየት ልማዱ ነው፤ ደቀሏን (የሸራ ምሰሶዋን) አጋድማ፣ ሸራዋን ጠቅልላ በተሳቢ ላይ የተቀመጠች ጀልባ ቢያገኝ ግን ማማተቡ አይቀርም። እኔ ግን ውሃ ከደጃፉ ለራቀው ለዚህ ለጨርጨር አገር ሰው የምትስማማው ጀልባ ይህችው ናት እላለሁ፤ ወደቧ የባለቤቷ ግቢ ነውና።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከተሣለችው ከሐመረ ኖኅ በቀር መርከብ ሳያይ ያረጀ ደገኛ ብዙ ቢሆንም፣ ለነገሩ ፈጽሞ ባዕዳን አይደለንም። ንጉሥ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ሠራዊቱን ወደ ደቡብ ዓረብ ባሻገረበት ዘመን የኖረው ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ በዚያ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ እየታሰረ የሚጋጠም እንደ ነበረ መዝግቧል፤ የጣናም ታንኳ እስከ ዛሬ ድረስ ደንገል ተጠፍሮ የሚሠራ ነው። አሰበ ተፈሪን በጨርጨር ገዥነቱ ዘመን የቆረቆራት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ራሱ፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነቱ ለትምህርት ወደ መስኮብ አገር ሲሄድ ባሕር የተሻገረ ሰው ነበር።

ሳንቃን በገመድ የማጋጠሙን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ዴይሊ ሚረር የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ፣ ጃክ ሆልት የተባለ የጀልባ ነዳፊና ባሪ ባክኔል የተባለ በቴሌቪዥን የእጅ ሥራ የሚያስተምር ሰው ያወጡትን ንድፍ ይዞ፣ ተራው ሠራተኛ በገዛ ግቢው ገጣጥሞ የሚሠራትን ጀልባ በ63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ለገበያ አቀረበ። ገዥው የተቆረጠውን ኮምፖልሳቶ በመዳብ ሽቦ ይሰፋዋል፤ ከዚያ መጋጠሚያውን በፋይበርግላስ ጥብጣብና በማጣበቂያ ይደፍነዋል። በጋዜጣው ስም ሚረር የተባለችው ይህች ባለ ቀይ ሸራ ጀልባ ርዝመቷ 3.3 ሜትር፣ ቀፎዋ 45 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ያነሣታል፤ ከ70,000 በላይም ተሠርታለች።

ውስጧ ማደር የሚሻ ሰው ደግሞ ከፍ ያለችውን ይፈልጋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሠሯትና ቁጥሯ ከ15,000 ያለፈው ካታሊና 22 ርዝመቷ 6.5 ሜትር፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ከሆዷ ሥር 250 ኪሎ የሚመዝን የብረት ክንፍ በሽቦ ገመድ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ምሥጢሩ ያለው በዚህ ክንፍ ነው፤ ነፋሱ ሸራውን ወደ ጎን ሲገፋ ክንፉ በውሃው ውስጥ ይገታዋልና፣ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ መምጫ በቀጥታ መሄድ ባትችልም፣ መኪና የጭሮን ዳገት እንደሚወጣው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘች ነፋሱን ትወጣዋለች።

እንዲህ ያለችው ጀልባ አርጅታ ስትሸጥ ርካሽ ናት፤ ርካሽነቷም ወጥመድ አለበት። በገበያ ቀን እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን አዳምጣ ስንጥቁን እንደምታውቅ፣ ጀልባ ገዥም የመዶሻ እጀታ ይዞ ወለሏን እያንኳኳ ይሄዳል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፣ ድፍን ብሎ ከሰጠመ ግን በፋይበርግላሱ መካከል ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቶ በስብሷል። ክንፉን የሚያነሣው ሽቦና ደቀሉን የወጠሩት ሽቦዎች አንድ ክራቸው እንኳ ተበጥሶ ከተገኘ መለወጥ አለባቸው፤ ፀሐይ የበላው ሸራም ከሩቅ ቢያምር በጣት ሲጎተት እንደ አሮጌ ነጠላ ይተረተራል።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ጀልባዋን መርምሮ ተሳቢዋን ይረሳል፤ በእኔ አስተያየት ግን የባለቤትነቱ ግማሽ እዚያ ላይ ነው። የእኛ ሾፌሮች ቁልቁለት ጨርሰው ሲቆሙ ቸርኬውን በመዳፋቸው እየዳበሱ የፍሬኑንና የኩሽኔታውን ሙቀት የሚለኩት በከንቱ አይደለም። የጀልባ ተሳቢ ደግሞ ጀልባዋን ለማውረድ ከነጎማው ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ በረጅም መንገድ የጋለው ኩሽኔታ ድንገት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በጎሚኒው በኩል ውሃ ይስባል፤ ግራሶው ተበላሽቶ፣ ብረቱ ዝጎ፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ጎማው ከነቸርኬው ተነቅሎ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት እስኪበርድ ድረስ ከዳርቻው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደቀሉንም ከማቆሙ በፊት ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሌለ ያያል፤ የአሉሚኒየም ደቀል ሽቦ ነክቶ ሰው የገደለበት አገር ብዙ ነው።

ወዴት ይኬዳል የሚለው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ላንጋኖ አለ፣ ጣናም አለ። ከፍታቸው ከጭሮ እምብዛም በማይርቅ እንዲህ ባሉ ሐይቆች ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አየር አንድ ስድስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን የሚገፋው በዚያው ልክ ቀለል ብሎ ነው፤ ለጀማሪ ይህ በረከት ነው። ለእኛ ቅርቡ ሐረማያ ነው። ያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ሜዳ ሲሆን፣ ጀልባውን በዳርቻው ያሰረ ሰው ቢኖር ጭቃ ላይ በቀረ ነበር፤ ባለተሳቢው ግን ቆልፎ፣ ጎትቶ ወደ ላንጋኖ በሄደ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል። በማለዳ ከጭሮ ተነሥቶ በሂርናና በቁልቢ በኩል ያለፈ ሰው ቀትር ሳይሆን ይደርሳል፤ ደርሶም መዳፉን ቸርኬው ላይ ያሳርፍና፣ ገና የጋለ ከሆነ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ምሳውን ይፈታል።