ሠሪው የሸጠውን ስልክ ከሩቅ ሆኖ ሊያጠፋው ይገባዋልን?

የቤት አባወራ የሆነ ሰው ሁሉ ማታ ከመኝታው አስቀድሞ የምድጃውን እሳት ያስዳፍናል፤ መብራቱን ያስጠፋል፤ ደጁንም ያዘጋል። በዚህ ዘመን ግን ከራስጌያችን በኤሌክትሪክ ገመድ ታስሮ የሚያድር፣ ማንም የማያዳፍነው ሌላ እሳት አለ፤ እርሱም በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ሊቲየም በሚባለው ማዕድን የሚሠራ ሲሆን አዎንታዊና አሉታዊ የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉት። ሁለቱ እንዳይነካኩ የሚለያቸው እንደ ስስ ወረቀት ያለ መጋረጃ ነው፤ በውስጡም በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ይገኛል። መጋረጃው የተበሳ እንደ ሆነ ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ ከመገናኘታቸውም ብርቱ ሙቀት፣ ከሙቀቱም እሳት ይወጣል።

እንግዲህ አንድ ፋብሪካ የሸጠው ስልክ እንዲህ ያለ ጕድለት ያለበት መሆኑ ቢታወቅ፣ ገዢውም መልስ ሲባል አልመልስም ቢል፣ ሠሪው በሩቅ አገር ተቀምጦ ስልኩን እንዳይሠራ ለማድረግ መብት አለውን? ይህ ጥያቄ ለክርክር ብቻ የታሰበ አይደለም፤ በእውነት የደረሰ ነገር ነውና ታሪኩን ባጭሩ እንናገራለን። ቀኖቹንም ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

የኮሪያው ሳምሰንግ ኩባንያ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ነሐሴ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነሐሴ 27 ቀን፣ ባትሪው እየጋለ የሚቃጠል መሆኑ ስለ ተሰማ ሽያጩን አቁሞ የተሸጠውን እንደሚለውጥ አስታወቀ። መስከረም 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የሸቀጥ ደኅንነት ኮሚሽን አንድ ሚሊዮን ያህል ስልክ እንዲመለስ ባዘዘበት ጊዜ፣ በዚያ አገር ብቻ ስለ ባትሪው መጋል 92 አቤቱታ ቀርቦ ነበር፤ ከእነዚህም 26ቱ ሰው ስለ መቃጠሉ፣ 55ቱ ንብረት ስለ መጐዳቱ የሚናገሩ ነበሩ።

ዳሩ ግን በለውጥ የተሰጠውም ስልክ ከፊተኛው አልተሻለም። መስከረም 25 ቀን በኬንተኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ለመነሣት በተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ፣ ለአንድ መንገደኛ በለውጥ ከተሰጠው ስልክ ጢስ ወጣና ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በፍጥነት ወረዱ። ጥቅምት 1 ቀን ኩባንያው ስልኩን መሥራት ፈጽሞ መተዉን ገለጸ፤ ጥቅምት 4 ቀንም የአሜሪካ መንግሥት ይህ ስልክ ወደ አውሮፕላን እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ኋላ ጥር 15 ቀን ኩባንያው የምርመራውን ውጤት ሲገልጽ፣ የፊተኛው ባትሪ ማዕዘኑ ተጨምቆ የታጠፈ፣ የኋለኛው ደግሞ በብየዳው ላይ በቀረ ሹል ብረት መጋረጃው የተወጋ መሆኑ ታወቀ።

ስልካቸውን የመለሱ ሰዎች ብዙዎች ነበሩ። እስከ ኅዳር 30 ቀን 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ይመለስ ከተባለው 1.9 ሚሊዮን ስልክ ከመቶ 93 የሚበልጠው ተመልሷል። ይህ ቍጥር ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን የቀረው ከመቶ ሰባት ያህል ቢሆን እንኳ 130,000 ያህል ስልክ ማለት ነው፤ እያንዳንዱም በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ሰብ መካከል የሚያድር ነው። ስለዚህ ሳምሰንግ ከታኅሣሥ 10 ቀን ጀምሮ በመሥመር በሚላክ ትእዛዝ ባትሪው ኤሌክትሪክ መቀበሉን እንደሚያስተወው አስታወቀ። በኒው ዚላንድም ከኅዳር 9 ቀን ጀምሮ ስልኩ ከመሥመር እንዲቈረጥ ተደርጎ ነበር።

ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ ታላቅ የስልክ ኩባንያ ግን ይህን ትእዛዝ አላስተላልፍም አለ። ምክንያቱም ጊዜው ሰው ለበዓለ ልደት የሚጓዝበት ስለ ነበረ፣ ሌላ ስልክ የሌለው ሰው በችግሩ ሰዓት ዘመዱን፣ ሐኪሙን ወይም የአደጋ ሠራተኞችን መጥራት እንዳይሳነው ነው።

እስቲ ነገሩን ወደ ቤታችን አምጥተን እንመልከተው። ልጇ በሌሊት የታመመባት እናት ሐኪም ለመጥራት ስልኳን ብታነሣና ጠፍቶ ብታገኘው፣ ከእሳት ሊያድናት ያሰበው ሰው በሌላ በኩል ጐዳት ማለት ነው። ባንጻሩም የዚያው ስልክ እሳት ልጁ በተኛበት አልጋ ላይ ቢነሣ፣ ማጥፋት ሲችል ዝም ያለውን ሠሪ ማን ይቅር ይለዋል?

«ገንዘቤ ነው፤ ቢያቃጥልም የሚያቃጥለው እኔን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሙግት ሰውየው በምድረ በዳ ብቻውን ቢኖር በተሰማለት ነበር። ነገር ግን በሉዊቪል አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት መንገደኞች ያን ስልክ አልገዙትም፤ በግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤትም፣ በአንድ ክፍል የሚተኛ ሕፃንም አልገዛውም። በኦሪት ሕግ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳያስረው የቀረ ሰው፣ በሬው ላጠፋው ነፍስ ተጠያቂ ነው። በስልኩ ነገር ደግሞ የማሰሪያው ገመድ አንዱ ጫፍ በገዢው፣ ሁለተኛው ጫፍ በሠሪው እጅ ነው። ገዢው ተነግሮት አላስርም ካለ፣ ሠሪው ሊያስር ይገባዋል ብለን እንፈርዳለን።

ይሁን እንጂ ይህ ሥልጣን ወሰን ካልተደረገለት ሌላ ጉዳት ያመጣል። የአሜሪካው አፕል ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ ሲል በላከው ትእዛዝ ፍጥነታቸውን መቀነሱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አመነ። ይህን አስቀድሞ ለገዢዎቹ በግልጥ ስላልነገረ ብዙ ክስ ቀረበበት፤ ጥፋተኛ ነኝ ባይልም በ2012 ዓ.ም. ነገሩን በስምምነት ለመጨረስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚህም የምንረዳው፣ አሳቡ በጎ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ሳያውቅ በንብረቱ ላይ የሚዘረጋ እጅ መተማመንን እንደሚያፈርስ ነው።

ስለዚህ አራት ወሰን ሊደረግለት ይገባል። አንደኛ፣ አደጋው መኖሩን ሻጩ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሹም መርምሮ ያረጋግጠው። ሁለተኛ፣ ለገዢው ቀኑ ተቈርጦ በግልጥ ይነገረው፤ ምትኩ ወይም ገንዘቡም ከመዘጋቱ በፊት በእጁ ይግባ። ሦስተኛ፣ ነገሩ በደረጃ ይሁን፤ በመጀመሪያ የባትሪው መጠን ይቀነስ፣ ቀጥሎ መሙላቱ ይከልከል። በአውሮፓ ሳምሰንግ ባትሪው ከመቶ 60 በላይ እንዳይሞላ በማድረግ አስቀድሞ ይህን መንገድ ተከትሏል። አራተኛ፣ ለነፍስ አድን የሚደረገው ጥሪ እስከ መጨረሻው ይቈይ። በዚህ በአራተኛው ራሱ ቬራይዘን አብነት ሆኗል፤ ከታኅሣሥ 27 ቀን ጀምሮ ትእዛዙን ሊያስተላልፍ ከተስማማ በኋላ፣ አሁንም አንመልስም ላሉት ለአደጋ ከሚደወለው 911 በቀር ጥሪያቸው ሁሉ ወደ ኩባንያው ሠራተኞች እንዲዞር እንደሚያደርግ አስታወቀ።

የአባወራና የእመቤት ድርሻ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ስልክ በትራስ ሥር ወይም በአልጋ ልብስ ላይ ሆኖ ኤሌክትሪክ እየሞላ አይደር። ያበጠ ወይም ከልማዱ አልፎ የሚግል ባትሪ የተገኘ እንደ ሆነ ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት ስፍራ አርቆ ለባለሙያ ማሳየት ነው። ይመለስ ተብሎ የተነገረለትን ዕቃም «እስካሁን ምን አደረገኝ» ብሎ ማቈየት አይገባም፤ የተቃጠለውም ሁሉ እስከ ተቃጠለበት ሰዓት ድረስ ምንም ያላደረገ ነበርና። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን ያስተማሩን ስለ ሆነ፣ በገዛ እጁ በጊዜ የመለሰ ሰው ማንም ከሩቅ እጁን እንዲዘረጋበት ምክንያት አይሰጥም።