ፀረ እንግዳ አካል ከበዛ ለምን ይጠናል?



ኮቪድ-19 በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሽታው በዓለም ዙሪያ ሲጠና ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ፤ በጽኑ ታመው የዳኑ ሰዎች ፀረ እንግዳ አካል በአብዛኛው ቀላል ሕመም ከነበራቸው ሰዎች ይበልጥ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቫይረሱ በብዛት ተራብቶ ሲቆይ ሰውነትም ብዙ ያመርታል። ብዛቱ የትግሉን ክብደት ያሳያል እንጂ በሽታውን አያመጣም። ዋናው ጊዜው ነው። ለአዲስ ቫይረስ በቂ ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። ክትባት ዝግጅቱን ከሕመሙ ያስቀድማል። መጠኑ በወራት ቢቀንስም የማስታወስ ሕዋሳት ይቆያሉ።

ቢሆንም «አንዴ ይዞኛል» ብለን አንዘናጋ። በደብረ ብርሃን ብርድ የዶርም መስኮት ዘግተን ስንተኛ፣ የሚያስለን ማስክ እናድርግ፤ ትንፋሽ ያጠረው ፈጥኖ ይታከም።