ሱልካታ ኤሊና የሚኒሶታ ብርድ

ሱልካታ የሳህል ኤሊ ነው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ይገኛል። ሲገዙት መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ አድጎ ግን ከ40 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ብርድ ሲመጣ እንደ አንዳንድ ኤሊዎች ተኝቶ አይከርምም፤ ሚኒሶታ ውስጥ ወራቱን ሁሉ ሞቆት እየበላ ማሳለፍ አለበት።

እንደ እንስሳት ሐኪም ደጋግሜ የማየው ስህተት አንድ ኃይለኛ አምፖል ብቻ መስቀል ነው። የትልቁን ኤሊ የድንጋይ ልብስ አናቱ ላይ ያቃጥላል፤ ጎኑና እግሩ ግን እንደቀዘቀዙ ይቀራሉ። አነስ ያሉ ብዙ አምፖሎችን ዘርግታችሁ ሙሉ ሰውነቱን የሚያዳርስ፣ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚሞቅ ቦታ አዘጋጁለት። የሙቀት መለኪያውንም በጀርባው ከፍታ አድርጉት።

የመስኮት ፀሐይ አታታልላችሁ፤ መስታወት ለአጥንቱ የሚያስፈልገውን የዩቪቢ ጨረር ያስቀራል፣ ስለዚህ የዩቪቢ መብራት የግድ ነው። ምግቡ ቀላል ነው፦ በአብዛኛው ድርቆሽ። ትልቁን ኤሊ ሳሎን ውስጥ ማኖሩን ግን እርሱት፤ የጂፕሰም ግድግዳ ገፍቶ ይሰብራል።